ጣት ከመጫን በፊት፦ ጠበቃ በአደጋ፣ በፍቺና በዕዳ ጊዜ ምን ይሠራልናል?

የምንጽፍላችሁ ከሐርጌሳ ከተማ፣ ከኢብራሂም ኮድቡር ወረዳ ነው። ሰው ሁሉ አሳጥሮ ኮድቡር ነው የሚላት፣ እኛም እንደዚያው እንላለን። እናንተ በካምፕ እኛ በኪራይ ቤት ብንኖርም ኑሯችን ያን ያህል አይራራቅም። እኛን የሚያበላን የቀን ሥራ ነው። ሴቶቹ ሻይ ይሸጣሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። ወንዶቹ ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ ድንጋይ ይሸከማሉ።

በዚህ እትም ስለ ጠበቃ ልንጽፍላችሁ አስበናል። «እኛንና ጠበቃን ምን አገናኘን? ጠበቃ የባለገንዘብ ነው» እንደምትሉ እናውቃለን፤ እኛም እንደዚያ ስንል ኖረናል። እንደዚያ እያልን ግን አንድ ሰው ጎድተናልና ከዚያው እንጀምር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከምናስተምራቸው ልጆች የአንዱ አባት ከግንባታ ሥራ ወጥቶ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው። (የሐርጌሳን መንገድ ለማታውቁ፦ እዚህ መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው፣ የአብዛኛው መኪና መሪ ግን እሱም በቀኝ ነው። ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን በቅጡ ሳያይ ይቀድማል፣ እግረኛው ደግሞ ፈጣሪውን ይዞ ይሻገራል።) እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን የሾፌሩ ሽማግሌዎች ሆስፒታል መጡ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ፍራፍሬ ይዘው፣ «አላህ ይማርህ» ብለው ነው የገቡት። ከዚያ በሶማሊኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀትና 250 ዶላር አወጡ። ሶማሊኛ ትንሽ እንሞክራለንና አስተርጓሚ ሆነን የተጠራነው እኛ ነን። ወረቀቱ «ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። ወንድማችን ዓይን ዓይናችንን አየ። እኛም «ተቀበል፤ በሰው አገር ነው ያለነው፣ ከነጭራሹ እንዳታጣ» አልነው። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ጫነ።

እግሩ ግን ደህና ሆኖ አልገጠመም። ከአራት ወር በኋላ አጥንቱ ጠሞ እንደያዘ ታወቀና እንደገና ተሰብሮ ብረት ይግባበት ተባለ። ያ ገንዘብ በቤት ኪራይና በመድኃኒት አልቋል። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድን። በትሕትና ተቀበሉን፣ ሻይ ጋበዙን፣ ያችን ወረቀትም አውጥተው አሳዩን። ምን እንላለን? ጣቱ አለበት። ወንድማችን ዛሬም እያነከሰ ነው የሚሄደው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ጫማ መጥረግ ጀመረ።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ብለን የጠየቅነው ዘግይተን ነው። ያወቅነውን ለእናንተም እናካፍላችሁ።

በዚህ አገር ዳኝነት በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ በሸሪዓ፣ እና ሔር በሚባለው የጎሳ ልማድ። የመኪና አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይገባ በሔር ነው የሚያልቀው። ሰው ሲሞት የሚከፈለው ካሳ ማግ ይባላል፤ በልማዱ ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ግመል ነው። ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ደግሞ ቆን ነው። ስሌቱ ከሸሪዓ የመጣ ነው። አንድ ዓይን፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ያጣ ሰው የሙሉውን ግማሽ ያገኛል፤ ለአንድ ጣት 10 ግመል፣ ለአንድ ጥርስ 5 ግመል እየተባለ ይቀጥላል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ግመሉ ወደ ገንዘብ ተመንዝሮ ነው የሚከፈለው። ዋናው ነገር ግን የሚከፍለው ገጪው ብቻውን አለመሆኑ ነው። አብረውት ማግ የሚከፍሉ ዘመዶቹ ሁሉ ያዋጣሉ። የተጎዳውም ቢሆን ብቻውን አይከራከርም፣ ዘመዶቹ በሽማግሌያቸው በኩል ይቆሙለታል። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፣ አማራውም የደም ካሳ ብሎ ያውቀዋል።

ታዲያ ስደተኛ ሲገጭ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሰዎቹ እነማን ናቸው?» ብለው ነው። ክፋት ሆኖ አይደለም። ልማዱ የሚያውቀው የሁለት ወገኖችን ድርድር ነው። አንደኛው ወገን ባዶ ሲሆን ድርድሩ ይቀርና ምጽዋት ይሆናል። ያ 250 ዶላር ምጽዋት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን «ካሳ» ተብሎ ነው። እኛ አስተርጓሚው ልዩነቱን አላወቅንም።

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው በአንዲት ሻይ በምትሸጥ እህታችን ላይ ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ከነምድጃዋ ደፈጠጣት፤ ክንዷ ተሰበረ፣ የፈላው ውኃ ጭኗን ላጠው። በዚህን ጊዜ እኛም ትንሽ ተምረን ነበርና ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ወደ ሕግ ሰዎች ሮጥን።

ሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተ ነው። የሕግ ፋኩልቲው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ለድሆች በነጻ የሚሠራ የሕግ ክሊኒክ አቋቁሟል። ክሊኒክ ሲባል መርፌ የሚወጋበት እንዳይመስላችሁ። የሕግ ተማሪዎች በጠበቆች ሥር ሆነው የሰው ጉዳይ የሚይዙበት ቢሮ ነው። በዩኤንኤችሲአር ድጋፍ የስደተኞችንም ጉዳይ ሲይዝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የሶማሊላንድ ሴት ጠበቆች ማኅበርም አለ። ድጋፉ አንዳንዴ ይሰፋል፣ አንዳንዴ ይጠባል፤ ስለዚህ የሚሄድ ሰው የትኛው ቢሮ የስደተኛ ጉዳይ እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ራስን በፍርድ ቤት የመከላከልን መብት ያውቃል፤ ለድሃም የፍርድ ቤት ክፍያ ሊቀርለት እንደሚችል ይናገራል። በዚህ አገር ለጠበቃ «ቀሬን» ይሉታል። በዓረብኛ ቀሪን ባልንጀራ ማለት ነው። የእኛው ጠበቃ ደግሞ ከ«ጠበቀ» የመጣ ነው። መምህር ነንና ቃል ስናገኝ ማለፍ አንችልም፣ ይቅርታ።

አሁን ጠበቃው ያደረገውን አንድ በአንድ እንንገራችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ ይህ እንዲቀር አንፈልግም።

መጀመሪያ «ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ፣ ጣትሽንም እንዳትጭኚ» አላት። «ገንዘብ ቢሰጡኝስ?» አለች፤ ለልጆቿ ዳቦ መግዣ አልነበራትም። «ተቀበዪ፤ ግን ደረሰኙ ላይ ‹ለሕክምና መርጃ እንጂ ካሳ አይደለም› ተብሎ ይጻፍ» አላት። ደረሰኙን ራሱ ጻፈው። ሽማግሌዎቹም ያለ ክርክር ፈረሙ። ወንድማችንን ያሳጣችው ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት!

ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ የአደጋው ፕላን መነሳቱን አረጋገጠ። የታርጋ ቁጥሩንና የሾፌሩን ስም ያዘ፣ አጠገቧ የነበሩትን የሁለት ሰዎች ስልክ ወሰደ። ሐኪሙንም ሁለት ነገር ለይቶ እንዲጽፍ ጠየቀው፦ ለስንት ጊዜ ሥራ መሥራት እንደማትችል፣ እና ለዘለቄታው የሚቀርባት ጉዳት ምን እንደሆነ። አብዛኞቻችን ከሐኪም የምናወጣት ወረቀት «ታክሟል» ብቻ የምትል ናት። እሷ ካሳ አታስከፍልም።

ቀጥሎ የገቢዋ ጉዳይ መጣ። «በቀን ስንት ታገኛለሽ?» ሲላት ሳቀች። ሻይ የሚሸጥ ሰው ደመወዝ ወረቀት የለውም። እሱ ግን ስልኳን ጠየቃት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐርጌሳ ውስጥ ሰው የሚከፋፈለው በዛድ፣ በሞባይል ገንዘብ ነው፤ የሻይ ሒሳብ እንኳ በዛድ ይላካል። የብዙ ወራት መልእክት ስልኳ ላይ ተጠራቅሟል። ያንን ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው እየቆጠሩ ወረቀት ላይ ገለበጡት። እኛም ተደነቅን፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልካችን «ሞላ» ሲለን መልእክት የምንሰርዝ ሰዎች አንድም መልእክት አልሰረዝንም።

በመጨረሻ ድርድሩ ሆነ። ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፤ በጠቅላላው ሦስት ወር ያህል ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን እንደተለመደው «ሰዎቿ እነማን ናቸው?» ተባለ። ጠበቃው የውክልና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሔር ካለቀ መልካም ነው፣ ካላለቀ ግን ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል አለ። ድምፁን አላነሳም። ፍርድ ቤት የሚባል ሌላ በር እንዳላት ሲታወቅ ነው ድርድሩ ድርድር የሆነው። 2,400 ዶላር በሦስት ጊዜ ሊከፈላት ተስማሙ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለክንዷ ሌላ ኦፕራሲዮን ካስፈለገ ወጪው የእነሱ እንዲሆን ተጻፈ። ውሉ ኖታዮ በሚሉት ውል አዋዋይ ዘንድ ተፈረመ። የእሷ ዘመዶች በሚፈርሙበት መስመር ላይ የፈረመው ጠበቃው ነው።

የአገሩ ሴት ብትሆን ኖሮ ከዚህ በላይ ታገኝ ነበር ብለን እናምናለን። ጠበቃውን ጠየቅነው፣ አልካደም።

በአገራችንም ሕጉን ያላወቀ ይጎዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። አንቀጽ 2143 ደግሞ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል ይላል። ስንቱ ሰው «ሽማግሌ ይዞታል» እያለ ሁለቱን ዓመት ያሳለፋል! ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችን ደግሞ እዚያ የአደጋ ጠበቃ ቅድሚያ ገንዘብ እንደማይጠይቅ፣ ካሸነፈ ከካሳው ሢሶ ያህሉን እንደሚወስድ፣ ካልተሳካ ግን ለድካሙ እንደማያስከፍል ይነግሩናል። በፍቺ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ውል እዚያ አይፈቀድም። ጠበቃ ሰው ሲፋታ ድርሻ እንዲያገኝ አይፈለግምና።

ፍቺን ካነሳን እሱ ከስብራት ይልቅ ይወሳሰባል።

ብዙዎቻችን የተጋባነው በሰማንያ ወይም በቁርባን፣ ወይም በኒካህ ነው። አንዳንዱም ካምፕ ውስጥ በሽማግሌ ፊት። ሐርጌሳ ላይ የጋብቻና የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት በሸሪዓ ነው። ባልና ሚስቱ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ እኛ ባየናቸው ጉዳዮች፣ ነገሩ በማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ያልቅና ጠበቃ ስምምነቱን አርቅቆ በኖታዮ ያስመዘግበዋል። «ሽማግሌ ጨረሰው አይደል፣ ወረቀት ለምን?» የሚሉ አሉ። ለልጆቹ ነዋ! ልጅ ከማን ጋር ይኖራል፣ ማን ያበላዋል፣ አንዱ ወላጅ ሪሴትልመንት ቢያገኝ ልጁ አብሮ ይሄዳል ወይ፣ ይህ ሁሉ በቃል አይያዝም።

የአንዲት እናት ነገር አለ። ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት «ኬንያ ደርሼ ልመለስ» ብሎ ሄዶ ቀረ። የዩኤን ፋይላቸው ላይ የቤቱ ኃላፊ እሱ ነው። አንድ ደላላ «ሞቷል በዪ፣ ኬዝሽ ቶሎ ይሄዳል» ብሎ 100 ዶላር በላባት። ኢንተርቪው ላይ ሞቷል አለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልየው ስልክ ደወለ! ልጆቹን ሊያይ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ሌላ ኢንተርቪው ተቀጥራለች። ሌሊቱን ሁሉ ስታለቅስ አድራ ጠዋት እኛ ዘንድ መጣች። «ሞቷል እንዳልኩ ልቅር? ወይስ እውነቱን ልናገር?»

እኛ መልስ አልነበረንም። የመጀመሪያውን ስህተታችንን አስታውሰን ዝም አልንና ወደ ጠበቃዋ ይዘናት ሄድን። ጠበቃዋ ሴት ናት። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቃሏ አስነግራ ጻፈችው፤ ሞቷል ያለችበትን ምክንያት፣ ደላላውን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም። ከዚያ ቢሮው እስኪጠራት ሳይጠበቅ ፋይሏ እንዲታረም ጽሑፉን ራሷ ይዛ እንድታቀርብ አደረገች። የባልየውንም ፈቃድ ጠየቀች። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ፣ ሌላ አገር ቢሄዱም እንደማይቃወም በጽሑፍ ሰጠ። አባት የማይገኝ ቢሆን ኖሮ እንኳ ዩኤንኤችሲአር ለልጁ የሚበጀውን የሚመረምርበት የራሱ አሠራር አለው፤ መዋሸት አያስፈልግም ነበር። ኬዟ ገና አልተወሰነም። ግን ጠበቃዋ ካገኘቻት ወዲህ እንቅልፍ እንደምትተኛ ነግራናለች። (የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነጻ ነው። ለፋይል፣ ለኢንተርቪው፣ ለስም ማስገባት ብሎ ብር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።)

አገር ቤት ቤት ወይም መሬት ያላቸው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ። በ1992 ዓ.ም. ከወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በፊት ፍቺ በእጅጉ በቤተ ዘመድ ዳኞች እጅ ነበር። ሕጉን ለማሻሻል ከደከሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አዲሱ ሕግ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ባልና ሚስት ተስማምተው ቢመጡ እንኳ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት የራሱ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

ታዲያ በርቀት ሆኖ ድርሻን ለመጠየቅ ለአገር ቤት ጠበቃ ውክልና መላክ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። ሐርጌሳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ፤ ሰው «ሄጄ ውክልና ላስጽፍ» ይላል። የ1951 የስደተኞች ስምምነት ግን አንድ ሰው በፈቃዱ ወደ ሸሸው መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ ስደተኝነቱ ሊቀር ይችላል ይላል። አንድ ጊዜ ደጃፍ መርገጥ ብቻውን ሁሉን ያፈርሳል ማለት አይደለም፤ ግን ፋይል ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ያው ስምምነት በአንቀጽ 25 ስደተኛ ከአገሩ ባለሥልጣን ሊያገኝ የሚገባውን ሰነድ በሌላ መንገድ እንዲያገኝ እንዲረዳ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 12ም ከስደት በፊት በጋብቻ የተገኘ መብት እንዲከበር ያዛል። ሶማሊላንድ በእነዚህ ስምምነቶች ላይ የራሷ ፊርማ የላትም፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ግን አላቸው። ስለዚህ ቆንስላ ከመሄድ በፊት ጠበቃ ይጠየቅ።

ስለ ኪሳራ ብዙ አንጽፍም፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው ከስሮ ሳይሆን ገና ሳይነግድ ነው ዕዳ የሚገባው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኪሳራን የደነገገው ለነጋዴ ብቻ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካውም ሕግ የከሰረ ነጋዴ ንግዱን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ጨመረ እንጂ መምህርን አላሰበም። እኛ በሕግ ፊት መክሰር አንችልም ማለት ነው፣ መደኽየት እንጂ። ከዚያ በፊት የነበረው ግን የባሰ ነበር። አያቶቻችን ቁራኛ የሚሉትን ታስታውሳላችሁ፤ ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ ነበር። አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ! አበዳሪውም አብሮ ይታሰር ስለነበር ቶሎ ይታረቁ ይሆናል።

ሐርጌሳ ላይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ሌሊት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የዋሄን ገበያ ተቃጠለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆችና መደቦች ዓመድ ሆኑ፤ ኢንሹራንስ የነበረው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። የከተማው ነጋዴ በጎሳው፣ በውጭ ባሉ ዘመዶቹ፣ በመዋጮ ተነሳ። ከዱቤ ዕቃ እየወሰዱ ልብስና ሳሙና ያዞሩ የነበሩ የእኛ ሰዎች ግን ዕቃው ሲነድ ዕዳው ተረፋቸው። አንዷ የእቁብ ሰብሳቢም ነበረች (እዚህ ሐግባድ ይሉታል)፣ የሰው ገንዘብ ሱቋ ውስጥ ነበር። አበዳሪዎቹ ፖሊስ ጣቢያ አስጠሯት፤ «ፈርሚና ውጪ» ተባለች። ወረቀቱ ላይ ዕዳው ከነበረው በላይ ተጽፏል።

ጠበቃ እንዲህ ባለ ጊዜ ተአምር አይሠራም፤ ገንዘብ የለም። ያደረገው ዕዳውን ሁሉ በአንድ ገጽ መዘርዘር ነው፦ ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ፣ ምን ማስረጃ አለው። የዛድ መልእክቶቹ ሲታዩ ፖሊስ ጣቢያ ከተጻፈው ሢሶው ሐሰት ሆነ። ከዚያ አበዳሪዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ በወር በወር የሚከፈል፣ ለሁሉም በየድርሻው የሚደርስ ውል አደረገ። የእቁብ አባላትም እንደ ሌላው አበዳሪ ተቆጠሩ፤ አንዳንዶቹ አኩርፈዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ውል መክፈል ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል፤ ጠበቃው ለጣቢያው አዛዥ ይህንን በትሕትና አስታወሳቸው።

ወደ አሜሪካ የሄዱትም ከዕዳ አያመልጡም። አብዛኞቹ የአውሮፕላኑን ዋጋ አይኦኤም በሰጣቸው ወለድ አልባ ብድር ፈርመው ነው የሄዱት፤ ምን እንደፈረሙ ያወቁት እዚያ ደርሰው ደብዳቤው ሲመጣ ነው። እዚያ አገር ግለሰብም በጠበቃ በኩል ኪሳራ አስመዝግቦ ብዙ ዕዳ ሊሰረዝለት ይችላል። የልጅ ማሳደጊያና የፍቺ ቀለብ ግን አይሰረዝም።

በኬንያ ካምፖች ላላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የኬንያ የስደተኞች ጥምረት በነጻ ጠበቃ ሲያቆም ኖሯል፤ የ2016ቱ የኬንያ የሕግ ድጋፍ አዋጅም ስደተኛን ከተጠቃሚዎቹ አንዱ አድርጎ ጠርቷል። ስትሄዱ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራሽን ካርድ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ስልክ፣ የተቀደደም ቢሆን። የፈረማችሁት ወረቀት ካለ በተለይ እሱን።

ለወንድማችንም ይህንኑ አደረግን። ያችን 250 ዶላር የወሰደባትን ወረቀት ኮፒ ከሽማግሌዎቹ ለምነን ወደ ጠበቃው ወሰድናት። ሁለት ጊዜ አነበባት። ጉዳቱ በትክክል ሳይታወቅ የተደረገ ስምምነት ነው፣ ሰውየውም ቋንቋውን አያውቅም፣ ምናልባት ይከፈት ይሆናል አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ማን ነው ያስተረጎመለት?» ሲል ጠየቀ።

«እኛ ነን» አልን።

ወረቀቱን በሙሉ አንብበንለት እንደሆነ ጠየቀን። አላነበብንለትም፤ «ካሳ ሰጥተውሃል፣ ጫን» ነበር ያልነው። ይህንኑ ፍርድ ቤት ቀርበን መናገር እንዳለብን ነገረን። ሽማግሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በየቀኑ እንተያያለን። እንናገራለን አልነው፤ ቃላችንን ጻፈ፣ አንብቦ በአማርኛ አስተርጉሞ ሰማን፣ ከዚያ ፈረምን። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ነው።